ስኳር ላለባቸው ትልልቅ ሰዎች ስፖርት፦ ከወንበር መነሳት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ስኳር እንዳለባት የታወቀው በ61 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላት፣ «ጣፋጭ ይቀንሱ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» አላት፣ በዚሁ ወጣን። እኛ ልጆቿ ግን ከፍቅር የተነሳ ተቃራኒውን አደረግን። እንጀራ ልትጋግር ስትነሳ «ተይው እማዬ፣ እኛ እንጋግራለን»፤ ባልዲ ስታነሳ «ኧረ አረፍ በይ»፤ ሱቅ ልትወጣ ስትል አንዳችን ቀድመናት እንሮጣለን። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ የምትጠብቅ ሆነች። ስኳሯም በመድኃኒት ብቻ አልወርድ አለ።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚከበረው አርፎ እንዲቀመጥ በማድረግ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ግን መቀመጥ ራሱ ጉዳት አለው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእርስዎ፣ ስኳር ላለብዎት እናት ወይም አባት ነው። ልጆችም አብረው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ለምን ጡንቻ?

ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባው ስኳር አብዛኛው መጨረሻው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ጭምር ስኳርን ከደም ይስባል። ኢንሱሊን በደንብ አልሠራለት ያለ ሰው እንኳ ተራምዶ ሲመለስ ስኳሩ ቀንሶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጥቅም እንደ ስፖርቱ ክብደት ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ አይዋሉ።

እድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፣ ስኳር ህመም ደግሞ ያፋጥነዋል። እኛ ጋ «ስፖርት» ሲባል ሁሉም የሚያስበው የጠዋት እርምጃን ነው። እርምጃ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የወጣ በካናዳ 251 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። አንዳንዶቹ ልባቸውን የሚያሠራ ስፖርት ብቻ፣ አንዳንዶቹ ክብደት ማንሳት ብቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱንም ሠሩ። እኛ «የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ምርመራ ከሁሉም በላይ የወረደው ሁለቱንም በሠሩት ላይ ነው። የእናቴን ልማድ እንድቀይር ያደረገኝ ይህ ነው።

አንደኛ፦ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ጋ

ሐኪምዎን «ስፖርት ልሥራ ወይ?» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። እነዚህን አንድ በአንድ ያንሱ።

ዓይን። በስኳር ምክንያት የዓይንዎ ጀርባ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ወይም በቅርቡ ዓይንዎ ላይ የሌዘር ጨረር ከተሰጥዎት፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ትንፋሽ ይዞ ማማጥና ጭንቅላትን ወደ ታች መድፋት ሊጎዳዎት ይችላል። ይህ ስግደትንም ይጨምራል። የዓይን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቀስ ያለ እርምጃ ይበቃል።

ልብ። ዳገት ሲወጡ ደረትዎ ይጨነቃል? ከወትሮው በላይ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ስኳር የልብን ነርቭ ሊያደነዝዝ ስለሚችል የልብ ችግር ያለ ሕመም፣ በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ግፊትዎ በእረፍት ላይ ከ180/110 በላይ ከሆነ ግፊቱ እስኪስተካከል ይቆዩ።

እግር። የሚደነዝዝ፣ እንደ እሳት የሚለበልብ ወይም የቆሰለ ከሆነ ያሳዩ። የቆሰለ እግር ላይ እርምጃ የለም፤ ቁስሉ እስኪድን የወንበር ላይ ስፖርት ይሠራል።

መድኃኒት። ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለብዎት ይህን ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው በስፖርት ምክንያት ስኳሩ ከመጠን በታች መውረዱ እምብዛም አያጋጥምም። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስድ ሰው ግን ሊወርድበት ይችላል። ስፖርት ሲጀምሩ መጠኑ መቀነስ ይኖርበት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አይቀንሱ። ለግፊት ወይም ለልብ ተብሎ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ስኳር ሲወርድ የሚመጣው የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ላይታወቅዎት ይችላል። ላብ ግን ይመጣል። ያለ ምክንያት ካላበዎት ስኳርዎ ወርዶ እንደሆነ ይጠርጥሩ።

ሁለተኛ፦ ጫማና እግር

አንድ ጠዋት ከእርምጃ ተመልሰን እናቴ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ደም አየሁ። ጫማውን ገለበጥኩት። ከመቁጠሪያዋ ተበጥሳ የወደቀች ዶቃ ጠብ አለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ረግጣት ሄዳለች፣ ምንም አልተሰማትም። ያቺ ቁስል ለመዳን ስድስት ሳምንት ወስዳለች፤ ስድስቱንም ሳምንት እየፈራሁ ነው ያሳለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ጫማ ሳይራገፍና ውስጡ በእጅ ሳይዳሰስ እግር አይገባበትም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ካልሲው ነጭ ወይም ፈዛዛ የጥጥ ይሁን፤ ደም ወይም ፈሳሽ ቢኖር ወዲያው ይታያል። ጫማው ከፊት ሰፊ፣ ጣት የማይጨፈልቅ፣ ሶሉ የማይታጠፍና የማያንሸራትት ስኒከር ይሁን። ሲገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ ይለኩት። ነጠላ ጫማና ባዶ እግር፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ ይቅርብዎት።

ሲመለሱ እግርዎን በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር ይመልከቱ። ጎንበስ ማለት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጡ ወይም የልጅ ልጅዎን ያስዩ። ካጠቡም በጣቶች መሃል ያለውን ውሃ በደንብ ያድርቁ።

ሦስተኛ፦ ከመነሳትዎ በፊት ስኳርን መለካት

ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስዱ ከሆነ ጣትዎን ወግተው ይለኩ። እዚህ ያሉት የስኳር ቁጥሮች ሁሉ በ mg/dL ናቸው።

ከ70 በታች ከሆነ ስፖርት የለም፤ ወዲያው የሚጣፍጥ ነገር ይውሰዱ።

ከ70 እስከ 100 ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሙዝ ወይም አንድ ቁራጭ ዳቦ ይብሉና ጥቂት ቆይተው ይጀምሩ።

ከ100 እስከ 250 ከሆነ ይቀጥሉ።

ከ250 በላይ ከሆነ እንዴት እንደሚሰማዎት ራስዎን ያዳምጡ። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ከባድ ድካም ካለ፣ ወይም በሽንት ምርመራ ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) ከተገኘ፣ ስፖርቱን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ደህና ከሆኑ ግን ውሃ ጠጥተው ቀለል ያለ እርምጃ መሄድ ይቻላል።

መለኪያው ቢኖርም ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም፤ ይህን አውቃለሁ። ስትሪፕ ከሌለ አንድ ደንብ ይያዙ፦ በባዶ ሆድ አይውጡ። በብዙ ቤት ልማዱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ መድኃኒት ውጦ፣ ሳይበሉ መውጣት ነው። ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ አለው። የሚሻለው ከበሉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መራመድ ነው፤ ምግቡ ስኳርን ከፍ በሚያደርግበት ሰዓት ጡንቻው ይቀበለዋል። ጭኑ ላይ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ደግሞ ከእርምጃ በፊት ሆድ ላይ ቢወጉ ይሻላል፤ የሚሠራ ጭን መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ደም ይለቃል።

አራተኛ፦ ኪስዎ ውስጥ

ሁልጊዜ ስኳር ይያዙ፦ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ጥቂት ከረሜላ። ስምዎን፣ ስኳር ህመም እንዳለብዎት፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የልጅዎን ስልክ የያዘ ወረቀትም አብሮ ይኑር።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ብዥታ ወይም የንግግር መደነቃቀፍ ሲጀምር ቁሙ ብለው አብሮዎት ላለው ይንገሩና ይቀመጡ። ስኳሩን ይቃሙ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ፤ «ዳይት» የሚለው ግን አይሆንም፣ ስኳር የለበትም። ቸኮሌትም አይሆንም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። 15 ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይለኩ። ካልተሻለዎት ይድገሙ፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። የዚያን ቀን ስፖርት በዚሁ ያበቃል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይደረግም፤ በጎን አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ረዘም ያለ ስፖርት የሠራ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ስኳሩ ሌሊት ሊወርድበት ስለሚችል ከመተኛቱ በፊት ይለካ።

አምስተኛ፦ እርምጃው

የሚፈለገው ድምር በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር ሰምተው እንዳይደነግጡ፤ እናቴ የጀመረችው ከምሳ በኋላ በ8 ደቂቃ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከቁርስና ከእራት በኋላ 10፣ 10 ደቂቃ ይራመዱ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ወደ 15 ያሳድጉት። ከዚያ በኋላ በሳምንት 5 ቀን በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳሉ። መከፋፈሉ ጥቅሙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ከየምግቡ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ለትልልቅ ሰዎች ስኳር በጣም ይስማማል።

ፍጥነቱን በወሬ ይለኩት። ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልክ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ፍጥነት ይቀንሱ።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ እንጦጦ በወጡ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ሜዳ ይምረጡ። ቁልቁለትም ቀላል እንዳይመስልዎት፤ ጉልበትን ይጫናል፣ ጣትንም ከጫማው ፊት ጋር ያጋጫል። የተቆፈረ የእግረኛ መንገድ ላይ ከመሄድ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ መዞር ይሻላል። በረዶ ባለበት አገር ልጆቻቸው ጋ የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቤት ከመዋል የገበያ ማዕከል ውስጥ ይራመዱ፤ ወለሉ ደረቅ ነው፣ መቀመጫም አለው።

ብቻዎን አይውጡ። ደረት ሲጨንቅ፣ መንጋጋ ወይም ግራ እጅ ሲያም፣ ሲያዞር ይቁሙ፤ ካልተወዎት ቀጥታ ሆስፒታል።

ስድስተኛ፦ ጉልበት የሚያጠነክረው ክፍል

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ይህን ነው። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሃል ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ ይሠራል። ጂም አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ራስዎን ይለኩ። እጀታ የሌለውን ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉት። እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነስተው እንደሚቀመጡ አንድ ሰው ይቁጠርልዎት። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ ጉልበቱ ደክሟል፣ የመውደቅ ስጋትም አለ ማለት ነው። ከ75 እስከ 79 ላሉ ደግሞ ለሴት ከ10፣ ለወንድ ከ11 በታች ነው። እናቴ መጀመሪያ ቀን 6 ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ግማሽ ተነስታ ተመልሳ ተቀመጠች። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ጻፍነው።

አሁን አሠራሩ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጡ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው ተረከዝዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። ደረትዎን ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ አፍንጫዎ ከጉልበትዎ እስኪያልፍ ድረስ። ብዙ ሰው የሚያቅተው ይህን ሳያደርግ ቀጥ ብሎ ለመነሳት ስለሚሞክር ነው። ትንፋሽ እያወጡ ይነሱ። ሲቀመጡ አይውደቁ፤ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። ጡንቻውን የሚገነባው መውረዱም ጭምር ነው። ትንፋሽ ይዘው አያምጡ፣ ግፊት ይጨምራል። ካቃተዎት ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት ወይም በእጅዎ ጭንዎን ይደግፉ።

ከ8 እስከ 10 ጊዜ አንድ ዙር ነው፤ ግብዎ ሦስት ዙር ይሁን። በእኛ ቤት ይህ ቡና ላይ ነው የሚሠራው፦ አቦል ሲጠጣ አንድ ዙር፣ ቶና ላይ ሁለተኛው፣ በረካ ላይ ሦስተኛው። በመሃል ያለው እረፍት ራሱ በቂ ነው፣ ጎረቤትም አብሮ ይነሳል። (ቡናው ላይ ስኳር አይጨመርም፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።)

ሦስት ዙር ሲቀልዎት በሁለት እጅዎ ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይያዙ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ነው። ከዚያም ወደ ባለ አንድ ሊትሩ ይለፉ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ግድግዳ መግፋት፦ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቆመው፣ መዳፍዎን በትከሻዎ ልክ ግድግዳው ላይ አድርገው ቀረብ ራቅ ይበሉ። ተረከዝ ማንሳት፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዘው በጣቶችዎ ቆመው ቀስ ብለው መውረድ። ሃይላንድ ማንሳት፦ ክርንዎን ጎንዎ ላይ አድርገው እስከ ትከሻ። ሁሉም ከ8 እስከ 12 ጊዜ ነው። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጊዜዎች ከበድ ካላሉ ክብደቱ ቀሎብዎታል፣ ይጨምሩ።

በማግስቱ ጡንቻ ቢያም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ቢያብጥ ወይም ቢወጋ ግን ያቁሙ።

ሰባተኛ፦ ላለመውደቅ

እግር ሲደነዝዝ ሰው መሬቱን በደንብ አያውቀውም፤ ይወድቃል። የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ወራት አልጋ ላይ ያስተኛል። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ሚዛን ይለማመዱ፣ ቢቻል በየቀኑ። ከፊትዎ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ከኋላዎ ወንበር ይኑር።

እግሮችዎን ገጥመው 10 ሰከንድ ይቁሙ። ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ ወደ ፊት ያውጡ። ቀጥሎ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ፊት አድርገው በአንድ መስመር ይቁሙ። በመጨረሻ በአንድ እግር። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ መቆም ካቃተዎት የመውደቅ ስጋት ስላለብዎት እዚያው ላይ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ይለማመዱ፤ ወደ አራተኛው አይቸኩሉ።

ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ መጀመሪያ ተቀምጠው አንድ ደቂቃ ያህል ተረከዝና ጣትዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ይቁሙ። ለሐኪምም ይንገሩ፤ ከግፊት መድኃኒት ወይም ከነርቭ ሊሆን ይችላል።

ጾም ሲሆን

ሐኪሙና የንስሐ አባትዎ ተነጋግረው ቢወስኑ የሚመረጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ታውቃለች። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ እርምጃውንና የወንበሩን ሥራ ከበሉ በኋላ ያድርጉት። ስግደት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው፤ እንደ ስፖርት ይቁጠሩት፣ በባዶ ሆድ አያብዙት። ረመዳን ላይ ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ስኳር በጣም ሊወርድበት የሚችልበት ነው፣ ያን ጊዜ አይራመዱ። ከኢፍጣር በኋላ ይሻላል፤ ተራዊህም ከእንቅስቃሴ ይቆጠራል። በሁለቱም ጾም ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ መፈታት አለበት።

ለልጆች

ሥራውን አትንጠቋቸው። አጠገባቸው ሁኑ እንጂ ቀድማችሁ አትሩጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫ የሚያስነሳ ምክንያት ስጧቸው፦ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ሽንኩርቱን ቆመው ይላጡ። ስትሪፕ ለመግዛት ብር የምትልኩ ደግሞ ደውላችሁ «ዛሬ ስንት ተነሳሽ እማዬ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቴ ለእኔ ጥያቄ ስትል ብቻ የሠራችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ማስታወሻ ደብተሩ

ቀን፣ ከስፖርት በፊት ስኳር፣ በኋላ ስኳር፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ መነሳት። ይኸው ነው። የእናቴ ደብተር ላይ አንድ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከምሳ በኋላ 196፣ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ 151»። በራሷ እጅ ነው የጻፈችው፣ ሁለቴ አስምራበታለች። በየሦስት ወሩ የ30 ሰከንዱን የወንበር ፈተና ይድገሙና ደብተሩን ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ። የስኳሩ ቁጥር እየወረደ ከመጣ የመድኃኒቱ መጠን መታየት አለበት፤ ካልታየ ስኳር ከመጠን በታች መውረድ ይጀምራል።

ጉንፋን፣ ሐዘን ወይም ጉዞ አቋርጦዎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ካቆሙበት አይጀምሩ። የደቂቃውን ግማሽ፣ ከሦስቱ ዙር አንዱን፣ ያለ ሃይላንድ ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ይመለሱበት። ትኩሳት ካለ ግን እስኪለቅዎት ይረፉ፤ በሕመም ጊዜ ስኳር ስለሚወጣ ከወትሮው አብዝተው ይለኩ፣ ውሃ ይጠጡ።